ሲሳይ ከአስፋልት ላይ ያነሳው መስመር

ባለፈው ሳምንት ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ አንድ ወጣት አሳፍሬ ወደ ከተማ ስመለስ መንገዱ ተዘግቶ ቆምን። ከፊታችን ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች የመሀሉን መስመር በማሽን እየፋቁ ነበር። ማሽኑ ጆሮ ይበጥሳል፤ አቧራው በመስኮት ገብቶ ጭኔ ላይ ተነጠፈ። ነጩ ቀለም መልቀቁን ይለቃል፣ ግን አስፋልቱን ይዞት ነው የሚለቀው። ማሽኑ ያለፈበት ሁሉ ጣት የሚያስገባ ቦይ ሆኖ ቀርቷል። ዝናብ ሲመጣ እዚያ ውስጥ ውሃ ይተኛል፣ ውሃው ሥር ሥሩን ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ ነው። እስከዚያም ድረስ ቢሆን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያ ቦይ ከቀለሙ ብሶ ያብለጨልጫል፤ ሾፌሩም የሌለ መስመር ይዞ ይሄዳል።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለኝ ወጣቱ።

"መስመር እያነሱ ነው።"

"እንዲህ ነው እንዴ የሚነሳው?"

ለሳኝ ነው። ዘመዱ ጠርቶት 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር በሚሠራ ፎቅ ላይ ግድግዳ ሊለስን ከአዲስ አበባ ገና መውረዱ ነበር። ከሶማሌ ታክሲ ነጂ አፍ አማርኛ በመስማቱ ፊቱ በርቶ ነበር የመጣው። ጥያቄው ግን የባለሙያ ጥያቄ ነበርና ወጋኝ። መስመር እንዴት እንደሚነሳ የሚያውቅ አንድ ሰው አውቅ ነበር። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ስሙ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል፤ ባጠፉት ሰዎች ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱም ላይ ጭምር።

ያኔ ገና ጢሜ ማብቀል የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። ወላጆቼ የሀርጌሳ ሰዎች ናቸው፣ እኔን ግን ያሳደገችኝ ድሬዳዋ ናት። አባቴ "ወደ አገራችን እንግባ" ብሎ ይዞኝ ሲመለስ አገሩ የእሱ እንጂ የእኔ እንዳልሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ሶማልኛዬ የተንጋደደ ነበር። የአጎቴ ልጆች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው "እስቲ ተናገር" እያሉኝ ይስቃሉ፤ ስሜ "ሀበሻው" ሆኖ ቀረ። ድሬዳዋ እያለሁ ደግሞ "ሶማሌው" ነበርኩ። ይህን የማነሳው እዘኑልኝ ለማለት አይደለም፤ እንጀራዬን ያገኘሁት በዚሁ ነው። ሐጂ ጃማ የሚባል የመንገድ ተቋራጭ መስመር የሚቀባለት ሰው ደገኛ ስለነበር አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ይፈልግ ነበር። አባቴ እጄን ይዞ ወሰደኝ፣ በነጋታው ሥራ ገባሁ።

ቀቢው ሲሳይ ይባላል፤ የኮምቦልቻ ሰው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲበዛ ንጹሕ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ቀለም ሲያቦካ ውሎ ሱሪው ላይ አንዲት ነጠብጣብ አይታይም። እጁን በአሸዋ አሽቶ፣ ጥፍሩን በስንጥር ጠርጎ ካልሆነ ወደ ቤቱ አይሄድም። ቤቱ ሼክ ኑር ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮና በጨርቅ የተሠራች አንዲት ክፍል ነበረች፤ ከሚስቱ ከአስናቀች ጋር ተከራይተው ይኖሩባታል። አስናቀች 31 ሜይ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የሲሳይ መኖሪያ ፈቃድ የቆመው በሐጂ ጃማ ዋስትና ነው። ሐጂ እጁን ያነሳ ቀን ሲሳይ ዋጃሌ ድንበር ላይ እንደሚጣል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በተዋወቅን ዕለት ተጋጨን። "ሲሳይ፣ ና፣ ሐጂ ይፈልግሃል" አልኩት። ዞር ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"እኔ ታላቅ ወንድምህ አልሆንም?" አለኝ።

"ኧረ አቦ፣ ድሬ ውስጥ ለከንቲባም አንተ ነው የምንለው።"

በሳቅ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ስሜ "ድሬ" ሆነ፤ እኔም አንተ እንዳልኩት ቀረሁ። ሀርጌሳ ውስጥ ስም አውጥቶልኝ ያልከፋኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ወቅቱ ሐጋ የሚሉት ነበር፤ በሀርጌሳ የንፋስና የአቧራ ወራት ነው። ጠዋት ይበርዳል፣ ከረፋዱ ጀምሮ ንፋሱ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ እያነሳ ፊት ይገርፋል። ሲሳይ ፍልሰታን እየጾመ ነበር። እኔ በጠዋት ላሆሄን፣ የሶማሌን ስስ እንጀራ፣ በቅቤና በስኳር፣ ሻዬን በግመል ወተት አድርጌ ጠግቤ እመጣለሁ፤ እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ዘጠኝ ሲሆን አስናቀች በጣሳ የቋጠረችለትን ሽሮ ይፈታል። ንፋሱ አሸዋ ይነሰንስበታል፤ እሱ ደግሞ ላዩን በማንኪያ ገፎ ይበላል። እኔ በዚያ ሰዓት ሩዝ በግመል ሥጋ ከጎኑ ቁጭ ብዬ እበላ ነበር። ያልተናነቀኝ ልጅነት ነው መሰለኝ።

ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ሀርጌሳን ለማያውቅ አንድ ነገር መንገር አለብኝ። እዚህ የምንነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ የመኪናዎቻችን መሪ ግን አብዛኛው እሱም በቀኝ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ሲሆን፣ የመንገዱን መሀል የሚያየው ከጎኑ ያለው ተሳፋሪ ነው። መቅደም ስትፈልግ "ነጻ ነው?" ብለህ ትጠይቃለህ፤ ተሳፋሪው አንገቱን አውጥቶ አይቶ "ግባ" ወይም "ቆይ" ይልሃል። የማታውቀው ሰው ቢሆንም ታምነዋለህ። ሌላ አማራጭ የለህም።

ሲሳይ ከኮምቦልቻ ይዞት የመጣ አንድ የብረት ማንጠልጠያ ነበረው። ፒካፕ ኋላ ላይ ይታሰራል፤ የኖራ ውሃ የያዘ፣ ከሥሩ የተበሳ ጣሳ ይንጠለጠልበታል። መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ ጣሳው ነጠብጣብ እየጣለ ይሄዳል፣ ቀቢው ያን ነጠብጣብ ይከተላል። ማንጠልጠያው የተሠራው መሪው በግራ ለሆነ መኪና ነው፤ በግራ ጥግ፣ ልክ ከሾፌሩ ኋላ ይታሰራል። ሾፌሩም ራሱን በመንገዱ መሀል አድርጎ፣ በገዛ መስታወቱ ጣሳውን እያየ ይነዳል። እዚህ ግን ሾፌሩ በቀኝ ነውና ማንጠልጠያውን መገልበጥ ያስፈልጋል። ሲሳይ ይህን ለፋራህ ነግሮት ነበር፤ የተረጎምኩለት እኔ ነኝ።

ፋራህ የሐጂ ሚስት ወንድም ነው። ልኬት የሚይዝ እሱ ነበር። ጅጅጋ ተምሬአለሁ ይል ነበር፤ ምን እንደተማረ አልነገረንም። አንድ ቀን ማለዳ እኛ ሳንደርስ ማንጠልጠያውን እንደነበረ በግራ አስሮ፣ በቀኝ መሪው ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን መሀል አድርጎ፣ ያኔ አዲስ በነበረው በዚሁ መንገድ ላይ ከውሃ ማሳለፊያው ቱቦ እስከ አየር ማረፊያው መታጠፊያ ነዳው። ነጠብጣቡ ከመንገዱ መሀል ሰፋ ያለ እርምጃ ወደ ግራ ሸሽቶ ተሰመረ።

"ይህ መሀል አይደለም" አለ ሲሳይ ገና እንዳየው። "ሲባጎ ይወጠር፣ ይለካ።"

ተረጎምኩ። ፋራህ ሰዓቱን አየና "ቀባ በለው" አለኝ።

"ቀባ ብሎሃል" አልኩት።

ሲሳይ ወደ ሐጂ አስደወለኝ። ሐጂም "ፋራህ ያለውን ሥሩ" አለ። ተቀባ። መንገዱ አዲስ ስለነበር ገና ለመኪና አልተከፈተም፤ እኛና የቀን ሠራተኞቹ ካልሆንን በቀር ያየው ሰው የለም። በሁለተኛው ቀን ሐጂ ራሱ መጣ። አንዱ ወገን ሁለት መኪና የሚያሳልፍ፣ ሌላው ደግሞ አንድ አይሱዙ የማያስገባ ሆኖ ሲያይ ምራቁን ዋጠ። የአሠሪው ወገን መሐንዲስ በቅርቡ ሊመጣ ነው። "ይነሳ" አለ። "አስፋልቱ ላይ ጭረት ካየሁ ግን ይህን ሀበሻ ዋጃሌ ነው የማደርሰው።" ይህንንም የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ፋራህ መፋቂያ ማሽን ልከራይ አለ። ሲሳይ አስፋልቱ ገና ለጋ ነው፣ ይቆረጣል አለ። በእሳት ይለብለብ ቢባል ሬንጁ ይቀልጣል፣ ጠጠሩ ይፈታል። ፋራህ ተናዶ አንድ ጀሪካን ናፍጣ ሊያፈስበት ሲነሳ ሲሳይ እጁን ያዘው። አስፋልት ከናፍጣ ጋር ዘመድ ነው፣ ሲገናኙ አብረው ይቀልጣሉ ብሎ አስረዳው። በመጨረሻ በራሱ መንገድ ተያያዘው። ከደረቁ ወንዝ አሸዋ አስጫነ። ከአስናቀች ቤት የዱቄት ወንፊቷን አመጣና አሸዋውን ደቃቁ እስኪቀር ነፋው። በኮምፕረሰር ንፋስ እየገፋ፣ አሸዋውን የሚረጨውን ጎማ አፍ በጣም አጋድሞ፣ አንድም ጊዜ ሳይቆም ቀለሙን ማስለቀቅ ጀመረ። ጎማውን ከኋላ የምሸከም እኔ ነበርኩ። ሥራው የሚሠራው በማለዳ ነው፤ አስፋልቱ ሳይሞቅና ሳይለሰልስ፣ ቀለሙም በብርድ ደርቆ ሳለ። ፀሐይ ስትበረታ እናቆማለን።

አንድ ነገር ግን ገርሞኝ ጠየቅሁት። መስመሩ ቀጭን ሆኖ ሳለ እሱ ከመስመሩ አልፎ፣ እዚህ ሰፋ እዚያ ጠበብ እያደረገ ዳር ዳሩንም ይነካካል።

"መስመሩን ብቻ ካነሳህማ መስመር ትተህ ሄድክ" አለኝ ሻሹን ከአፉ ገለጥ አድርጎ። "ዓይን ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል። እንዳይዘው አድርገህ ነው ማደብዘዝ።"

ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጾሙን ሳይፈታ አሸዋ ሲተነፍስ ያረፍዳል፤ ሲያስል የሚተፋው ነጭ ነው። ማታ አስናቀች ዓይኑን በሻይ ውሃ ታጥብለት እንደነበር ነግራኛለች። የለቀቀውን የቀለም ብናኝ ከረፋዱ በኋላ የሚነሳው ንፋስ እየጠረገ ወደ ሜዳው ይወስደው ነበር። የሐጋ ንፋስ አንድ ጊዜ እንኳ ረዳን ብለን ደስ አለን።

በመጨረሻው ጠዋት ከቱቦው አጠገብ የክንድ ያህል መስመር ብቻ ቀረች። ሲሳይ መጀመሪያ ሙከራ የሠራው እዚያ ስለነበር፣ ያነሳውን ካላነሳው ጋር ለማስተያየት ሆን ብሎ የተዋት ናት። ጎማውን ወደ እሷ ሲያዞር ያዝኩት።

"ተዋት" አልኩት። "ፋራህ አይታመንም። መስመሩ የት ተቀብቶ እንደነበር ታሳይልህ።"

"ለማን ታሳያለች?"

"ለመሐንዲሱ፣ ለፈለገው ሁሉ። ነገ ቢክዱህ ምን ልትል ነው?"

"እኔ ራሴ ቆሜ እያለሁ የክንድ ቀለም ልትመሰክርልኝ ነው?" አለና ሳቀ። "አይ ድሬ። ይቺ ከቀረችማ ሥራ አይባልም።"

ጎማውን ከእጄ አስለቀቀኝ። እየተጠነቀቀ፣ እያባበለ አነሳት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከአንድ ወገን አየ፣ ከሌላው ወገን አየ፣ ጋደም ብሎ ፀሐይዋን እየተቃወመ አየ። ምንም የለም። ረክቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

መሐንዲሱ በዚያው ቀን ከቀትር በፊት ሳይጠበቅ መጣ። አዛውንት፣ ትሑት ሰው ነበር። መንገዱን በእግሩ ሄደበትና አስፋልቱን አደነቀ። ቀጥሎ ግን መስመሩ እስካሁን ለምን እንዳልተቀባ ጠየቀ። ሐጂ ወደ ፋራህ አየ። ፋራህ ቀቢው አስቸገረን አለ። መሐንዲሱ ወደ መጋዘኑ ገባና የቀለሙን ጣሳዎች አየ፤ ግማሹ ባዶ ነው። መንገዱ ላይ አንዲት ጠብታ የለም፣ ቀለሙ የለም። "ይህ ሁሉ ቀለም የት ሄደ?" አለ።

በዚያች ቅጽበት ፋራህ ጥፋቴን ልናገር ወይስ ልዋሽ ብሎ ያመነታ አልመሰለኝም። "ሸጦታል" አለ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ንገረው።"

ሲሳይ እጁን በጨርቅ እያደረቀ ቆሟል፤ የሚባለው አልገባውም። ፈገግ ብሎ ምስጋናውን እየጠበቀ ነበር።

"ቀለሙ የት ሄደ እያሉ ነው" አልኩት።

"እንዲያ አይደለም ያልኩህ" አለ ፋራህ። ከጅጅጋ ይዟት የመጣት ጥቂት አማርኛ ነበረችው። "ሌባ በለው። ቃሉን አውቀዋለሁ።"

እኔ አልተረጎምኩም፤ ሲሳይ ግን ቃሉን ከፋራህ አፍ ሰማው። ፈገግታው ሳይጠፋ ፊቱ ብቻ ሲገረጣ አየሁ። መሐንዲሱን ዞሬ በተንጋደደው ሶማልኛዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ማንጠልጠያውን፣ ነጠብጣቡን፣ አሸዋውን። በትዕግሥት ሰማኝ። "መስመሩ የት ነበር? አሳየኝ" አለኝ።

ሲሳይ ይህን ስነግረው ወደ ቱቦው ሮጠ። ተንበርክኮ አስፋልቱን በመዳፉ ዳበሰ። በጥፍሩ በጠጠሮቹ መካከል ቧጠጠ። አንዲት ፍንጣሪ ነጭ ለማግኘት በጉልበቱ እየዳኸ፣ ለሳምንታት ሲያጠፋው የቆየውን ነገር ፈለገ። እኛ ከላዩ ቆመን እናያለን። በመጨረሻ ቀና ብሎ አየኝ።

"ምንም የለም፣ ድሬ" አለ።

ወላሂ፣ ያን ፊት ዛሬም አየዋለሁ። ፍርሃት ነበረበት፣ ውርደት ነበረበት፣ ከዚያ ሁሉ ሥር ደግሞ የኩራት ጭላንጭል ነበረበት። እንዲያ አድርጎ ማንሳቱ ራሱን አስገርሞታል። ያን ኩራቱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

የቀን ሠራተኞቹ አላየንም አሉ። ሐጂን "አንተው አይደለህ ይነሳ ያልከው?" ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። የሙስባሐውን ዶቃ እየቆጠረ ፊቱን አዞረ። በአላህ ስም መማል አልፈለገም፤ ፈሪሃ አላህ የነበረው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ፋራህ ግን "ተዉት፣ እሱም ሀበሻ ነው" አለ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ። መሐንዲሱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ፤ ምን ያድርግ፣ ማየት ያለበትን ሁሉ አይቷል።

ሲሳይ በማግስቱ ወደ ዋጃሌ ተሸኘ። አስናቀችም የምትሠራበት ቤት የሌባ ሚስት አናስገባም ስላላት አብራው ሄደች። ሚኒባሱ ጋ ስሸኛቸው ዕቃቸው አንድ ፌስታልና አንድ ፍራሽ ነበር። ወንፊቷን በእጇ ይዛለች፤ አሸዋው ሽቦውን በልቶት ከእንግዲህ ዱቄት አይነፋበትም። ለምን እንደያዘችው አልጠየቅኋትም። ሲሳይ በመስኮቱ እጄን ጨብጦ ብዙ ቆየ። "ጥሩ አስተርጓሚ ነህ" አለኝ። ምን ማለቱ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዓመታት በኋላ አንድ የኮምቦልቻ ሾፌር የሱቅ በር ሲቀባ አይቼዋለሁ አለኝ፤ መንገድ ላይ ግን አይሠራም።

እኔም በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቅቄ መኪና መንዳት ተማርኩ። በዚህ መንገድ ላይ ስመላለስ እነሆ ሸበትኩ። ፋራህ ትልቅ ሰው ሆኗል። ባለፈው ሳምንት መንገዱን ሲቦጭቅ ያየሁት ማሽን ጎኑ ላይ የእሱ ድርጅት ስም በትልቁ ተጽፎበታል። የቦጨቀው ሁሉ በየመንገዱ አፍጥጦ ይታያል፤ ይህን ማን አደረገ ብሎ የጠየቀው የለም። ከቱቦው እስከ መታጠፊያው ያለው አስፋልት ግን እስከ ዛሬ ደህና ነው። ሳልፍበት ዓይኔ ሳያስበው ወደ ግራ ይሄዳል። አንድም ቀን አንድም ነገር አላየሁም።

ይህን ሁሉ ለለሳኙ ልጅ አልነገርኩትም። መንገዱ እስኪከፈት ተቀምጠን ሳለ ብቻ "ምክር ልስጥህ?" አልኩት።

"ይስጡኝ ጋሼ።"

"ግድግዳ ስትለስን አንዲት ጥግ ሳታስተካክል ተው። ትንሽ ትበቃለች።"

"ለምን?"

"ሠርቶ ነበር እንዲባል።"

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እጆቹን ገልብጦ አያቸው፤ ኖራ የበላቸው፣ በደንብ የታጠቡ እጆች ናቸው። "እንዴ ጋሼ" አለኝ፣ "እንደዚያማ ከሆነ ሥራ አይባልም።"

መንገዱ ተከፈተ። ሞተሩን አስነሳሁ። ከፊታችን አንድ ዘገምተኛ የውሃ ቦቴ ነበር። "በአንተ በኩል ነጻ ነው?" አልኩት። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በጥንቃቄ አየና "ነጻ ነው፣ ይለፉ" አለኝ። አምኜው ገባሁ።

31 ሜይ ሲወርድ ስልክ ቁጥሬን ጽፌ ሰጠሁት። ለታክሲ ነው ብሎ አመሰገነኝ።

"ለታክሲ አይደለም" አልኩት። "አስተርጓሚ የምትፈልግበት ቀን ሲመጣ ደውልልኝ።"